መሬት ስንረግጥ እነግርሃለሁ

ቤተሰብ፣ ይሄን አንብቦ «ፈጠርከው» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበለኝ። በራሴ ትከሻ ላይ የደረሰ ነገር ነው፤ የትከሻዬን ነገር ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ጠዋት አራት ሰዓት ነው። ፀሐይ ወጥታ ሁሉ ነገር ፍንትው ብሎ በሚታይበት ሰዓት። ቦታው የወታደር አካዳሚ፣ የልምምድ ሜዳ።

የቱ አካዳሚ አትበሉኝ። እኔም አላውቀውም። መስኮቱ በመጋረጃ በተሸፈነ አውቶብስ ነው የወሰዱን። እማዬ እስከ ዛሬ «ልጄ የቴክኒክ ስልጠና ላይ ነበር» ነው የምትለው።

በሩ ላይ አንድ ሃምሳ አለቃ ቅርጫት ይዞ ቆሟል።

«ስልካችሁን እዚህ» አለ። «ስማችሁንም እዚሁ።»

የቀለደ መስሎን ሳቅን። አልቀለደም።

ከዚያች ሰዓት በኋላ ስሙን የተናገረ በዚያው አውቶብስ ይመለሳል። ስለዚህ ነገሩ በቅጽል ስም ሆነ። እኔ ከቅጥነቴ የተነሳ «ሽቦ» ተባልኩ። የአልጋ ጎረቤቴ በሃያ ዓመቱ ስለሸበተ «አባባ»።

አብራን የምትሰለጥን አንዲት ልጅ ደግሞ... ቁንጫ።

አጭር ናት። ስትዘል ብታዩዋት ሌላ ስም አታወጡላትም ነበር።

ሜዳው መሃል ክንፍ የሌለው የእንጨት አውሮፕላን አለ። በፓራሹት መዝለል የምንለማመደው እሱ ላይ ነው። ተሰልፈን እንቆማለን። ከኋላህ ያለው ሰው ማሰሪያህን አንድ በአንድ ይፈትሽልሃል። ደህና ከሆነ ትከሻህን ሁለቴ መታ መታ ያደርግሃል። ትዘላለህ። ወደ ኋላ መዞር የለም። ነፍስህ ያለችው ከኋላህ በቆመው ሰው እጅ ነው።

ከኔ ኋላ የምትቆመው ቁንጫ ነበረች።

አንድ ቀን ሁለቴ መታ አደረገችኝና... ቆየት ብላ አንዴ ጨመረች። በጣም ቀስ ብላ።

በኋላ ቦት ጫማችንን እየወለወልን «ሶስተኛዋ ምንድናት?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ሁለቱ የነሱ ናቸው» አለች ቀና ሳትል። «ሶስተኛዋ የኔ ናት።»

በቃ። አለቀልኝ።

እዚያ ፍቅር ክልክል ነው። ከሴት ጋር ቆሞ ማውራት ራሱ ያስቀጣል። የኛ ፍቅር እንግዲህ ትከሻዬ ላይ ነበር የሚኖረው። ሌላው ጨዋታዋ ደግሞ ዞር ስል የሁለቱን ጫማዬን ክር እርስ በርስ ማሰር ነው። ስንቴ በአፍጢሜ ልደፋ ደርሻለሁ መሰላችሁ!

«ስምሽን ንገሪኝ» እላታለሁ።

«አውቶብሱ ናፈቀህ እንዴ?»

«በጆሮዬ ብቻ።»

«የእውነተኛው ዝላይ ቀን። ሁለታችንም መሬት ስንረግጥ እነግርሃለሁ። አንተም ያንተን ትነግረኛለህ። እስከዚያ ሽቦ ነህ፤ ዝገት እንዳይበላህ።»

«ቃል?»

«ቃል።»

አንድ ጠዋት ሃምሳ አለቃው ከጎናችን መቆሙን ሁለታችንም አላየንም። ሁለቴ መታ አደረገችኝ... ከዚያ አንዴ።

«የተማራችሁት ሁለት ነው» አለ።

ሰውየው «ደህና አደራችሁ» ሲል እንኳ የሚጮህ ሰው ነው። ያን ቀን አልጮኸም።

ሲመሽ ቁንጫን ቢሮ ጠሯት።

በነጋታው ቁርስ ላይ የአውሮፕላን ድምፅ ሰማን። አባባ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ዛሬ ዝላይ አለ እንዴ?»

አልነበረም። አውሮፕላኑ ግን ተነሳ... አንዴ ዞረ... ተመልሶ አረፈ።

አራት ሰዓት ላይ ስንሰለፍ ከኋላዬ ማንም የለም።

«ዝጋ!» አለ ሃምሳ አለቃው።

እዚያ ሰው ሲጎድል እንዲህ ነው። «ዝጋ!» ይባላል፣ ከኋላ ያለው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይመጣል፣ ክፍተቱ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ስለጎደለው ሰው መጠየቅ ክልክል ነው።

እኔ ግን አላስቻለኝም።

«ጌታዬ፣ ቁንጫ የት...»

«ማን?»

«ከኋላዬ የምትቆመው...»

«ከኋላህ ያለው አባባ ነው» አለኝ። «ተዘግቷል።»

አባባ ማሰሪያዬን ፈተሸ። ሁለቴ መታ አደረገኝ። እጁ እንደ አካፋ ነው የሚከብደው።

ከዚያ...

አንዴ። ቀስ ብላ።

እንደምንም ዘለልኩ።

«ለምን ሶስቴ መታኸኝ?» አልኩት ሜዳውን ስንለቅ።

«ሁለቴ ነው።»

«አባባ፣ አትቀልድ።»

«ስማ፣ እኔ አንተን የምደባብስ እናትህ ነኝ?»

ሳቀ። ብቻውን ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ የነገሩ ሁሉ መላ ቅጡ ጠፋ።

ትንንሽ ነገር ነው። ምግብ ቤት አግዳሚው ላይ የምንቀመጠው ክርን ለክርን ተጣብቀን ነው። ከኔ ቀጥሎ ግን ሁሌ የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ይቀራል። «ጠጋ በል» ስለው አባባ «ተጠግቼ አይደል እንዴ?» ይለኛል... ክንድ ያህል ርቆ ተቀምጦ።

ሰልፍ ላይ «ዝጋ!» ይባላል። ይዘጋል። ሃምሳ አለቃው ዞሮ ሲያይ ተከፍቶ ያገኘዋል። «ዝጋ!» እያለ ድምፁ ሰለለ።

ጠዋት ስነሳ ደግሞ... የጫማዬ ክሮች እርስ በርስ ታስረዋል።

መጥፋት አስቤ ነበር፣ አልዋሻችሁም። ግን ወጥቼ የት ብዬ ነው የምፈልጋት? ስሟን አላውቅም። ሰው ቤት አንኳኩቼ «ቁንጫ የምትባል ልጅ አላችሁ ወይ?» ልበል? ያለችው እዚያ ነው። ከወጣሁ ሶስተኛዋንም አጣለሁ ብዬ ፈራሁ።

ቀረሁ።

የዝላዩ ቀን ደረሰ። ይሄኛው የእንጨት አይደለም፤ የእውነቱ አውሮፕላን ነው። ከጭንቅላታችን በላይ የብረት ገመድ ተወጥሯል። ከፓራሹትህ የሚወጣውን ማሰሪያ በመንጠቆ እዚያ ላይ ታንጠለጥለዋለህ። ስትዘል ስቦ ፓራሹቱን የሚከፍትልህ እሱ ነው። እሱ ከሌለ... በቃ የለህም።

የኔን መንጠቆ ያንጠለጠለልኝ ሃምሳ አለቃው ራሱ ነው። በገዛ እጁ።

በሩ ተከፈተ። ነፋሱ ጆሮ ያደነቁራል። የመጀመሪያው እኔ ነኝ።

አባባ ሁለቴ መታ አደረገኝ።

ሶስተኛዋን ጠበቅኩ።

...

አልመጣችም።

«ዝለል!» አለ ሃምሳ አለቃው።

አንድ እግሬን አነሳሁ።

ያኔ ከኋላ አንድ እጅ ያዘኝ። ትንሽ እጅ። የጀርባዬን ቀበቶ ጨምድዶ ወደ ውስጥ ሳበኝ። ሰማይ ምድሩ ዞረብኝ፤ ወለሉ ላይ በጀርባዬ ተዘረርኩ።

ሃምሳ አለቃው እኔን አላየኝም። እኔ ቆሜበት ከነበረው ቦታ ኋላ፣ የአንዲት አጭር ልጅ ፊት በሚሆንበት ልክ፣ ባዶው ላይ አፍጥጧል። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

«አንቺ...» አለ። «አንቺ ከዚህ በር ወርደሻል እኮ።»



አባባ ሊያነሳኝ ጎንበስ አለ።

«ሽቦ... ማሰሪያህን እየው።»

ግማሹ የብረቱ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ግማሹ ጀርባዬ ላይ ነው። የተበጠሰ አይደለም፤ በቢላ የተቆረጠ ነው። እንዳይታይ በጥቁር ፕላስተር ተለጥፎ ነበር።

የዚያኑ ቀን በመጋረጃው አውቶብስ መለሱኝ።

«ፈርተህ ነው የተባረርከው» አለኝ ሾፌሩ ስልኬን እያቀበለኝ። «ገባህ ወንድሜ?»

ገባኝ። ስልኬን ተቀበልኩ። ስሜንም ተቀበልኩ። የሷ ግን እዚያው ቅርጫት ውስጥ ቀረ።

እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። እስከ ትናንት።

ትናንት ጠዋት እማዬ ዳቦ ግዛ ብላ ላከችኝ። ሰልፉ ጉድ ነው። የዳቦ ሰልፍ ታውቁት የለ፤ የሰው ትንፋሽ አንገትህ ላይ ነው የሚያርፈው። የኔ አንገት ግን ይበርደዋል። ከኋላዬ ነፋስ ይገባል።

ስልኬን አየሁት። አራት ሰዓት።

አልዞርኩም። ልማድ ነው።

ከኋላ፣ ራቅ ካለ ቦታ፣ የአንድ ጎልማሳ ድምፅ መጣ።

«እህቴ፣ ክፍተቱን ዝጊው እንጂ! ሰው ይገባብናል እኮ።»



ከዚያ... ዱብ!

ሁለት እግር፣ ገጥሞ። ስንወርድ ማረፍ እንዳስተማሩን።

ትከሻዬ ላይ... አንዴ። ቀስ ብላ።

ጆሮዬ ስር ስሟን ነገረችኝ።

ቁንጫ የሚያስብል ምንም የለበትም። የሚያምር ስም ነው።

ዳቦ ሻጩ «ቀጣይ!» ይላል። እኔ እግሬ አልንቀሳቀስ ብሎኛል። እንባዬ ይወርዳል፣ ፀጉሬ ቆሟል።

ትንፋሿ ጆሮዬ ላይ ቀዘቀዘ።

«ያንተስ?» አለችኝ።