በሁለተኛው መስመር ላይ ያለው ቁጥር

ልዋሽ ብፈልግ ኖሮ ከዚህ የተሻለ ውሸት አላጣም ነበር። ይሄ ግን በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ቀኑ እሁድ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ፣ ቦታው ባህር ውስጥ፣ አሥራ ስድስት ሜትር ጥልቀት ላይ...

ሰዓቱን በትክክል የማውቀው እጄ ላይ ስለነበር ነው። እጄ ላይ የነበረው ሰዓት ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ዛሬ ይህን አልጽፍላችሁም ነበር።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

የምሠራው መነጽር ቤት ነው። ደንበኛ የሚያስተናግዱት ሌሎች ናቸው፤ እኔ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ መስታወት በልክ እሞርዳለሁ። ማሽኑ ሲጮህ ስለሚውል ማንም አያናግረኝም። ታናሽ እህቴ አግብታ እስክትሄድ ድረስ ማታ ቤት ስገባ የማወራት እሷ ነበረች። ከሄደች በኋላ የቀሩኝ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበሮች ናቸው።

በአንዱ ወንበር እቀመጣለሁ። ሌላው ላይ የታጠበ ልብስ እከምርበታለሁ። ባዶውን ማየት አልወድም።

መጥለቅ ልማር ያልኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ባህር ውስጥ ማንም ብቻውን አይወርድም፣ ሁሉም ጥንድ አለው ሲሉ ሰማሁ። እህቴ በስልክ "እትዬ፣ የብስ ላይ ያጣሽውን ባል ባህር ውስጥ ልትፈልጊ ነው?" ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅኩ። ብዙም አልተሳሳተችም ነበር።

ችግሩ ምን መሰላችሁ... ስንመዘገብ ዘጠኝ ሆንን።

አራት ጥንድ፣ እና እኔ።

አሰልጣኙ ደግ ሰው ነው፤ "አንቺ ከእኔ ጋር ነሽ" ይለኛል። እሱ ግን የሁሉም ነው። ውሃ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የማየው ጀርባውን ነበር። "ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ" የምትል አባባል ከአፉ አትጠፋም። አንዱ አየር ቢያልቅበት ወደ ጥንዱ ይመጣል። ጥንዱ ደረቱ ላይ የተሰካውን ቢጫውን ትርፍ መተንፈሻ ይሰጠዋል። ክንድ ለክንድ ተያይዘው ቀስ ብለው ይወጣሉ። ይህንን ሌሎቹ እርስ በርሳቸው ደጋግመው ተለማመዱት። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከአሰልጣኙ ጋር፣ በችኮላ።

ሥልጠናው ሲያልቅ የራሴን የጠላቂ ኮምፒውተር ልግዛ አልኩ። እንደ ሰዓት እጅ ላይ ይታሰራል። ስንት ሜትር እንደወረዳችሁ፣ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደምትችሉ ይነግራችኋል፤ ቶሎ ስትወጡ ይጮህባችኋል። ሌላው ሁሉ ኪራይ ነው፤ ይሄ ግን የኔ እንዲሆን ፈለግኩ።

ሻጩ ቀኝ ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌ ነው። ሦስት አስቀመጠልኝ።

የመጀመሪያው ወፍራም፣ መልከ ጥፉ፣ ቁጥሩ ግን ለዓይነ ደካማም የሚታይ። ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል የለም፣ ባትሪውንም ራስሽ ትቀይሪዋለሽ አለኝ። ሁለተኛው ቀጭንና የሚያምር ነው፤ ለመልክ ካልሆነ አይረባሽም አለኝ። ሦስተኛውን ሲያሳየኝ ግን ምንም አላለም።

እኔ ጠየቅኩት።

ጀርባ ላይ ከሚታዘለው የአየር ሲሊንደር ላይ የምትታሰር ትንሽ መላኪያ አለችው። መላኪያዋ የቀረውን አየር ያለ ሽቦ እጅ ላይ ታሳያለች። ሲሊንደሩ ሙሉ ሲሆን ቁጥሩ ሁለት መቶ ነው፤ ሃምሳ ሲደርስ መውጣት ግዴታ ነው። በመጀመሪያው መስመር ላይ የራስሽን አየር ታያለሽ፣ በሁለተኛው መስመር ላይ የጥንድሽን። ጥንድሽ ግን አጠገብሽ መሆን አለበት፤ ምልክቱ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ አይሄድም አለኝ።

የጥንድሽን የሚለውን ስሰማ ልቤ እዚያው ቀረ። አዋቂ ሴት ነኝ፣ ያሳፍራል። ግን እውነቱ ይሄው ነው።

"የማሳያ ዕቃ ስለሆነ ነው ዋጋው የቀነሰው" አለ። "ሁለተኛው መስመር ላይ የተመዘገበ ሰው አለ። ሳትወርጂ ሰርዢው፣ ልጄ።"

"ማን ነው ጋሼ?"

መስታወቱን በጨርቅ መወልወል ጀመረ።

"አንድ ሰው ለሙከራ ወስዶት ነበር" አለኝ። "ዕቃውን ሌሎች ሰዎች አመጡልኝ።"

ያን ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ነካካሁት። ሁለተኛው መስመር ላይ ቁጥር የለም፣ ሰረዝ ብቻ። ይሰረዝ? ብሎ ጠየቀኝ። አዎ... ወይም አይ።

ቀና ስል ልብስ የከመርኩበትን ወንበር አየሁት።

አይ የሚለውን ተጫንኩ።

ከሥልጠናው በኋላም እሁድ እሁድ ከአሰልጣኙ ጋር እንወርድ ነበር፤ በመጀመሪያው እሁድ አሥራ ሁለት ሜትር ላይ ሆኜ እጄን አየሁ። የኔ መቶ ስልሳ ይላል። ከሥሩ ደግሞ...

ዘጠና።

ዞር አልኩ። አሰልጣኙ ሩቅ ነው። ሌሎቹም ሩቅ ናቸው። ከኋላዬ ውሃ ብቻ ነው ያለው።

ሰማንያ ዘጠኝ።

ጀልባው ላይ ስንወጣ እንዲህ ዓይነት መላኪያ ያለው ሰው እንዳለ ጠየቅኩ። ማንም የለውም። አሰልጣኙ ዕቃው ተበላሽቶብሽ ይሆናል፣ ሄደሽ አሳዪው አለኝ። እሺ አልኩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ተውኩት። የተበላሸ ዕቃ ያገኘውን ቁጥር ያሳያል እንጂ እንደሚተነፍስ ሰው አንድ በአንድ፣ ረጋ ብሎ አይቀንስም። ስወጣ ሰባ አንድ ላይ ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ ገና እንደወረድኩ አየሁት። ሰባ አንድ።

ካቆመበት ቀጠለ።

ፈርቼ ነበር? አዎ። ግን ሌላም ነገር ነበር። ሳምንቱን ሙሉ መስታወት እየሞረድኩ ያን ቁጥር ስጠብቅ ሰነበትኩ። ውሃ ውስጥ ሆኜ ዓሣ ሳይ በጣቴ እያመለከትኩ ለባዶው አሳየሁ። ለማን እንደማሳይ አላውቅም፤ ግን ከአንድ ሜትር ተኩል አይርቅም።

የእሱ ሃምሳ ሲደርስ አውራ ጣቴን ወደ ላይ አነሳሁ። እንውጣ ማለት ነው።

እኔ ወጣሁ። እሱ አልወጣም። ስንለያይ አርባ ስምንት ነበር፣ ከዚያ ሰረዝ ሆነ።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። እዚያ ታች የቀረው ሰው አየሩ እያለቀበት ነው እያልኩ አስባለሁ። መሰረዝ እችል ነበር። አንድ ቁልፍ ነው። ግን ሰው አየሩ እያለቀ እንዴት ይሰረዛል?

ሦስተኛው እሁድ መጣ።

አሥራ ስድስት ሜትር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ። የኔ መቶ አሥር።

የእሱ አምስት።

አራት... ሦስት... አሁን የሚተነፍሰው ቶሎ ቶሎ ነው።

አንድ።

ዜሮ።

ትንፋሼን ያዝኩ። ምንም የለም። ውሃው ጸጥ ብሏል። አለቀ ብዬ ልቤ ስብር አለ፤ እውነቴን ነው፣ አዘንኩ።

ከዚያ ደረቴ ላይ ጠቅ የሚል ነገር ተሰማኝ።

ቢጫው መተንፈሻ ከተሰካበት ወጥቷል። ወደ ታች አልተንጠለጠለም። ከፊቴ፣ በእኔ አፍ ቁመት፣ ቆሟል።

ከእሱ አረፋ ወጣ።

የራሴን ትንፋሽ እንደያዝኩ ነበር። የኔ ቁጥር ግን ቀነሰ። መቶ ስምንት... መቶ ስድስት... መቶ ሦስት...

ቀኝ ክንዴን ያዘኝ። አሰልጣኙ እንዳስተማረን፣ ክንድ ለክንድ። ቀዝቃዛ ነው፣ ግን አላመመኝም።

መተንፈሻውን ነጥቄ መሸሽ እችል ነበር። አየሩ ለእኔ ነው የተሞላው፤ ለሁለት ካልበቃ የምሞተው እኔ ነኝ። ይህ ሁሉ በጭንቅላቴ አለፈ። እንደዚያ የያዘኝ ሰው ግን ከስንት ዓመት ወዲህ አልነበረም።

አብረን ወጣን። ቀስ ብለን። ማንም ጠላቂ ከመውጣቱ በፊት ለደኅንነቱ እንደሚያደርገው አምስት ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ መቆም አለብን፤ ሃያ ስምንት ቀርቶኛል። ቆምን። አንዱ አረፋ የኔ፣ አንዱ አረፋ የእሱ... በሕይወቴ ከቆምኳቸው ሦስት ደቂቃዎች ሁሉ ብቸኝነት ያልተሰማኝ በእነዚያ ነው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ከውሃው ስወጣ አራት ቀርቶ ነበር። አሰልጣኙ ጎትቶ አወጣኝና ተቆጣ። የሌሎቹ ገና ከመቶ በላይ ነው፣ አንቺ የማንን አየር ነው የጨረስሽው ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ቢጫውን መተንፈሻ አንስቶ አየው። ላስቲኩ በጥርስ ተነክሶ ሊበጠስ ደርሷል።

"ይሄን አፍሽ ውስጥ ከተሽው ነበር?" አለኝ በሹክሹክታ።

አልከተትኩትም።

ቤት ገብቼ ኮምፒውተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሲሊንደሩን መልሻለሁ። መላኪያዋን ፈትቼ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌባታለሁ። ክንዴ ላይ የአራት ጣቶች ምልክት በልዟል። ጎረቤት ልብስ ያሰጣል፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታለች፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

እንደ ሁልጊዜው እሁድ እህቴ ደወለች። እንዴት እንደዋልኩ እየነገርኳት አቋረጠችኝ።

"እትዬ... ሰው አለ እንዴ አጠገብሽ?"

"የለም።"

"ሲተነፍስ ይሰማኛል።"

እሷ ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ ነው።

"እሰይ" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "በቃ፣ አልጠይቅም። ብቻሽን ስላልሆንሽ ደስ ብሎኛል።"

ስልኩን ስዘጋው የኮምፒውተሩ ብርሃን በራ። በመጀመሪያው መስመር፣ በኔ፣ ሰረዝ ብቻ። በሁለተኛው...

ሁለት መቶ።

ሞልቶ መጥቷል።

መቶ ዘጠና ዘጠኝ።

ቁልፉን ተጫንኩት። ይሰረዝ? አለኝ። አዎ... ወይም አይ።

መቶ ዘጠና ስድስት ሲሆን ተነሳሁና በሌላው ወንበር ላይ የተከመረውን ልብስ አንስቼ አልጋው ላይ አደረግኩት። ወንበሩን ከጠረጴዛው ትንሽ ሳብ አድርጌ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

መቀመጫው ጨርቅ ነው፤ ደረቅ ነበር።

ከመሃሉ ጀምሮ ቀስ እያለ ረጠበ። ከዚያ ውሃው በእግሮቹ በኩል ወደ ወለሉ መንጠባጠብ ጀመረ።