የሰባታሚት ቦይ ውሃ

አያ ቢያዝን ጠርሙሱን ከዘንቢላቸው ጎመን ሥር አወጡ።

«ዛሬ ጧት ከቦዩ አፍ ላይ ቀዳሁት።»

ደሞዝ ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ አነሳው። ኩልል ያለ ነው። ሽታም የለው።

ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ፣ የሀቢባ ጨርቅ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ናቸው። ሀቢባ ከፊት አቡጀዲ እየለካች መንገዱን ትጠብቃለች። የሚያሰጋ ሰው ከመጣ «ሦስት ክንድ!» ብላ ትጮሃለች።

የሰባታሚት ገበሬ ደሞዝን የሚያውቀው በግብርና ሠራተኛነቱ ነው። ስሙንም ሥራውንም የሰጡት አዲስ አበባ ያሉ የስለላ አለቆቹ ናቸው። የምስጢር ስሙ «ሸምበቆ» ነው። ከማቅለሚያ ፋብሪካው ተጣርቶ ይለቀቃል በተባለው ውሃ ጎመንና ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች ይታመማሉ፤ ከብት ያልቃል። ደሞዝ የውሃውን ናሙና ይዞ መመለስ አለበት።

«ማጣሪያው ቆሟል» አሉ አያ ቢያዝን። «ፋብሪካው ውስጥ ጥበቃ ተቀጥሬ ስገባ አየሁት። ሞተሩ ከጥምቀት ወዲህ አልተነሳም። እኔ ግን ሳላውቅ ያንኑ ውሃ ለልጆቼ ጎመን አጠጣሁ።»

«ይህን ለማን ነገሩ?»

«ላንተ ብቻ።»

ደሞዝ አንገቱን ደፋ። እሱ ተናግሯል። ትናንት፣ በደንቡ መሠረት፣ የሽማግሌውን ስም ለባሕር ዳሩ ተጠሪ ለ«ጉማሬ» አስታውቋል።

«ሦስት ክንድ!»

ላንድሮቨር ሱቁ ፊት ቆመ። ደሞዝ በጓዳው በር ስንጥቅ አየ።

መጀመሪያ የወረደው ጉማሬ ነው። ከኋላው የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ።

ደሞዝ ገባው። ሁለቱ አብረው ነው የሚሠሩት። የመጡት ምስክሩን ሊያጠፉ ነው።

«በጓሮ ይውጡ!»

«ሁለታችንም ከጠፋን ይከተሉናል። አንተ ውሃውን ይዘህ ሂድ።»

«አያ ቢያዝን፣ ስምዎን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት።

«እንግዲያ በደንብ አድርሰው» አሉ። ጋቢያቸውን አስተካክለው በፊት በር ወጡ።

ደሞዝ የጓሮውን አጥር ዘለለ። የዓባይ ድልድይ ላይ ወታደር አስቆመው።

«ምንድን ነው የያዝኸው?»

«ጠበል። ለታመመች እናቴ።»

ወታደሩ ግራ ቀኝ አየ። ክዳኑን ከፈተ። መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ግንባሩን፣ ከንፈሩን አበሰ።

ታጠበው ሊለው ደሞዝ አፉን ከፈተ።

ዘጋው።

«እግዜር ይማራት» ብሎ ወታደሩ ጠርሙሱን መለሰለት።

ናሙናው በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ደረሰ። ሐምሌ ላይ ቦዩ ተደፈነ። ሥራ አስኪያጁ ከቦታው ተነሳ። ጉማሬ ግን በእድገት ተዛወረ። ሀቢባን ሁለት ሳምንት አስረው ለቀቋት።

የአያ ቢያዝን ሚስት የሺመቤት፣ ባሏ ወደታሰሩበት እስር ቤት ስንቅ ታመላልስ ነበር። በአምስተኛው ቀን በረኛው አገልግሉን ሳይቀበላት ቀረ።

«ከእንግዲህ አታምጪ» አላት።

ደሞዝ ይህን ያነበበው ከአንድ ሪፖርት ግርጌ ነው። ሄዶ እግሯ ላይ ሊወድቅ ፈቃድ ጠየቀ። ከለከሉት። አዲስ መታወቂያ ሰጡት፦ ሣህሉ፣ የመንገድ ሥራ ቀያሽ፣ ጎሬ።

አውቶቡስ ላይ ከጎኑ የተቀመጡት አዛውንት ጨዋታ ጀመሩ።

«ልጄ ባሕር ዳር ነው ያለው። ታውቃታለህ?»

«አላውቃትም» አለ ሣህሉ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።