ስልሳ ሦስተኛው ስም

ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። «ኸላስ፣ በቃ። ፋይሉን ቀድተሽ ውረጂ» ይላል።

መልእክቱ የጋቢ ነው። እሷ ደግሞ ሚዶ ናት። አዲስ አበባ ያለው ቢሮ ለሰላዮቹ ስም ሲያወጣ የቤት ዕቃ ይወዳል። ጋቢ የተባለው ሸዋንዳኝ አለቃዋ ነው፤ ሕንፃው ሥር መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃታል።

አርብ ቀን ነው፤ ሻርጃ ቢሮ ሁሉ ዝግ ነው። የሠራተኛ ኤጀንሲው አምስተኛ ፎቅ ላይ ከጽዳት ሠራተኛዋ ከከድጃ በቀር ሰው የለም። ሚዶ ፓስፖርቷ ላይ ከድጃ ናት። በሙስሊም ስም ዓረብ አገር የገባች ክርስቲያን ሴት ለአበሻ ብርቅ አይደለችምና የጠረጠራት የለም።

መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ ስክሪኑን አየች። አርባ አንድ ስም ተደርድሯል። ኤጀንሲው አጎራባች ከተማ ዓጅማን ውስጥ በር ዘግቶባቸው ዛሬ ማታ ወደ ሌላ አገር ሊሸጣቸው ያሰናዳቸው ሴቶች ናቸው። ዝርዝሩ ከዓጅማን ይላካል፤ እዚህ ያለው ማሽን በራሱ ተቀብሎ ልክ በስድስት ሰዓት ትኬት ይቆርጥበታል።

ችኩል ሰው ይሄኔ ቀድቶ ይሄዳል። ሚዶም ከሦስት ዓመት በፊት እንዲሁ አድርጋ ነበር። ፋይሉ ገና እየገባ ኖሮ ግማሹን ይዛ ወጣች። በቀረው ግማሽ ውስጥ የነበሩት ዘጠኝ ሴቶች የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ያ ነገር አሁንም እንቅልፍ ይነሳታል።

ከዚያ ወዲህ ደንብ አላት። ላኪው ሲጨርስ አንዲት ትንሽ ደረሰኝ ከኋላ ትመጣለች፤ ስንት ስም እንደተላከ ቁጥሩና ማኅተሙ ያለባት። ሚዶ ደረሰኟ ሳትገባ ፋይሉን አትነካም። ዱባይ ሳትዋ ሰፈር ቤድ ስፔስ፣ በአልጋ የሚከራይ ክፍል፣ የምትጋራት ዘነበወርቅም ጠዋት ጠዋት በር ላይ «ስትደርሺ ሚስኮል አድርጊ» ትላታለች። ያቺ አንዲት ጥሪ እስክትመጣ ዘነበወርቅ ሻይ እንኳ አይወርድላትም።

ደረሰኟ አልገባችም። «ገና ነው» ብላ ጻፈች።

«አርባ አንዱ ይበቃል። ያላ፣ ቶሎ በይ።»

ቁጥሩን አልነገረችውም ነበር።

ይህን ቁጥር የሚያውቀው ከዓጅማን የሚልከው ሰው ብቻ ነው። ጋቢ ከላኪው ጋር ተነጋግሮ ፋይሉን አጋማሽ ላይ አስቁሞታል፤ ግማሹን ለቢሮው ሊያስረክብ፣ ግማሹን ለኤጀንሲው ሊተው። ግን ትኬቱ ያለ ሙሉው ዝርዝር አይቆረጥም። ስለዚህ ቀሪው ከስድስት ሰዓት በፊት መምጣቱ አይቀርም።

ጠበቀች። ስድስት ሰዓት ሊሆን አራት ደቂቃ ሲቀረው ስሞቹ እንደገና መውረድ ጀመሩ። ደረሰኟም ተከተለች። ስልሳ ሦስት።

የመጨረሻው ስም ከድጃ ነው።

አጠገቡ ያለው ፎቶ የእሷ ነው፤ ለጋቢ ብቻ የሰጠችው ፎቶ።

ሊፍቱ ተንቀሳቀሰ።

ስሟን ልታጠፋ እጇን ዘረጋችና ተወችው። አንድ ፊደል ከተነካ ማኅተሙ ይፈርሳል። አዲስ አበባ ያለው ተቀባይ ማሽን ደግሞ ከደረሰኟ ጋር ያልገጠመ ፋይል ይመልሳል፤ የገጠመውን ግን ወዲያው እዚህ ላለው ፖሊስ ያስተላልፋል። መሐል ላይ ሰው የለም። ቢኖርማ ጋቢ ቀድሞ ይገዛው ነበር። ከነስሟ ከላከችው ግን ከድጃ ዛሬ ታበቃለች፤ ፊቷ በየፖሊስ ጣቢያው ይዞራል።

ላከችው። መጀመሪያ ፋይሉን፣ በመጨረሻ ደረሰኟን። መልሱ እስኪመጣ ቆመች።

«ደርሷል፤ 63።»

በሩ ተከፈተ። ሸዋንዳኝ ላብ አጥምቆታል።

«ምን አቆየሽ?»

«ወለሉ አልደረቀም ነበር፣ ጋሼ።»

አርባ አንዱን ብቻ የገለበጠችበትን ፍላሽ ሰጠችው። ስልኩ ላይ ሰክቶ ቁጥሩን ሲያይ ፊቱ ፈታ አለ። ዓጅማን አዲስ ቤት እንዳገኘላት፣ አሁኑኑ ራሱ እንደሚያደርሳት ነገራት። ድምፁ የአባት ነው። በዚህ ድምፅ ስንት ዓመት ታዝዛለች።

«እሺ ጋሼ። ባልዲውን ደፍቼ ልምጣ።»

ባልዲውን ደረጃው ላይ ትታ አምስቱን ፎቅ በእግሯ ወረደች።

ከዐሥር ሰዓት በፊት የዓጅማኑ ቤት ተከፈተ። ስልሳ ሁለት ሴቶች ወጡ። ሸዋንዳኝ ግማሹ ዝርዝር ኪሱ ውስጥ እንዳለ ተያዘ። ጅብ ቸኩሎ ቀንድ ነከሰ ይሏል ይሄ ነው። ሚዶ ግን ፓስፖርቷን ቀዳድዳ፣ ሲም ካርዷን ሰብራ፣ ሳትዋ ያለውን ሻንጣዋን እንዳለ ትታ ጠፍታለች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዱባይ ዲስከቨሪ ጋርደንስ ሰፈር ውስጥ ርብቃ የምትባል ሴት አንድ አልጋ ተከራየች። የክፍል ጓደኛዋ ሎዛ በጠዋት ስልኳን እየነካካች በአበሾች ግሩፕ የተለቀቀ መልእክት ጮክ ብላ አነበበችላት።

«ከድጃ የምትባል እህቴን ያያችሁ። አርብ ጠዋት ሹግል ብላ ወደ ሥራ ወጥታ አልደረሰችም። ፎቶ አትወድም ነበርና ፎቶ የለኝም። በሕይወት ካለች ሚስኮል ብቻ ታድርግልኝ። ዘነበወርቅ ነኝ ከሳትዋ።»

«ታውቂያታለሽ እንዴ?» አለቻት ሎዛ ፊቷን አይታ።

ርብቃ የዘነበወርቅን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች። የሎዛ ስልክም እዚያው፣ እጇ የሚደርስበት ላይ ነው።

«አላውቃትም» አለች።

ጫማዋን አጥልቃ ወደ ሜትሮው ወረደች። ስትደርሺ ደውዪ ያላት ሰው አልነበረም።