ቀይ ሆኖ የቀረው ጥያቄ

«እጅሽን ከፍ አድርጊ፣ ጥላ ሆነብኝ» አለች ዳይሬክተር። ዳይሬክተር ስሟ አይደለም፤ ስልክ ይዛ ሰው ማዘዝ ስለምትወድ ክፍል ውስጥ የወጣላት ቅጽል ስም ነው። ጓደኛዋ ፊውዝም እንዲህ የተባለችው ትዕግሥቷ ቶሎ ስለሚቃጠል ነው። ሁለቱም አሥራ አራት ዓመታቸው ሲሆን፣ አሮጌ ዕቃ ሲጠገን የሚያሳዩ አጫጭር ቪዲዮዎች አብረው ይሠራሉ። የዛሬው ተረኛ የእጅ ባትሪ ነው።

ፊውዝ ግን ዛሬ ቀልቧ የለም። አንድ ብሎን ትፈታለች፣ ስልኳን ታያለች፣ ብሎኑ ይወድቅባትና ጠረጴዛ ሥር ገብታ ትዳብሳለች።

የሬዲዮ ጠጋኞች የውይይት ገጽ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሊዘጋ ነው። አዲስ ሰው ከመጣበት ወራት አልፈውታል። ሁሉም ነቅሎ ወደ ቪዲዮ ሄዷል፤ እሷም ከሄዱት አንዷ ናት። የቀሩት አራት አምስት አዛውንቶች ደህና አደራችሁ ከመባባል በቀር ብዙም የሚያወሩት አልነበራቸውም። አንዲት ደንብ ግን እስከ መጨረሻው አልለቀቁም። የጠየቀ ሰው ዕቃው መቼና እንዴት እንደተሠራ ጽፎ ጥያቄውን ራሱ ይዘጋል። የተዘጋው አረንጓዴ ይሆናል፤ ያልተዘጋው ቀይ ሆኖ ከላይ ይቀመጣል። ዛሬ ገጹ ላይ የቀረው ቀይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእሷ።

የጠየቀችው ስለ አክስቷ ሬዲዮ ነበር። አብራት የምትኖረው አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሬዲዮ ካልተከፈተላት ሥራ አይሄድላትም። ድምፁ ጭራሽ ሲጠፋ፣ ገጹ ላይ «ጡረተኛው» የሚባሉ የቀድሞ የስልክ ቴክኒሻን የተሰነጠቀው ብየዳ የት እንደሆነ በእጃቸው ሥለው፣ ፎቶ አንስተው ላኩላት። በነጋታው ሥዕሉን እያየች በየደችውና ሬዲዮው ሠራ። ዳይሬክተር ስትቀርጻት ፊውዝ «ማንም ሳያሳየኝ ራሴ ደረስኩበት» አለች። እንዲያው አፏ ላይ መጣላት። ቪዲዮውን አርባ ሺህ ሰው አየው። ከዚያ በኋላ ወደ ገጹ መመለስ አሳፈራትና ይኸው ስምንት ወር ሆነ።

ጡረተኛው በየሁለት ሳምንቱ «ልጄ፣ ሠራልሽ?» ይሏታል። የዛሬው ግን ረዘም ይላል።

«ልጄ፣ ዝም ስትዪ እንዳልሠራ ገባኝ። እንግዲህ የሞተው ትራንስፎርመሩ ነው፤ እሱ ደግሞ ገበያ ላይ የለም። የእኔ ሬዲዮ ያው ዓይነት ነው። ዛሬ ፈትቼ አወጣልሻለሁ፤ ገጹ ከመዘጋቱ በፊት አድራሻሽን ጻፊልኝ። እኔ ዜና ከጎረቤት እሰማለሁ።»

ዳይሬክተር በትከሻዋ አሻግራ አነበበችው። «ቀላል ነው» አለች። «ዛሬ ተሠራ በያቸው። ደስ ይላቸዋል፣ ሬዲዮአቸውም ይተርፋል። ማን ያጣራል?»

እውነቷን ነው፤ የሚያጣራ የለም። ፊውዝ «ዛሬ ተሠራ» ብላ ጻፈች፤ አጠፋችው፤ መልሳ ጻፈችው። ዳይሬክተር ደግሞ አላረፈችም። እውነቱ ከተጻፈ አንዱ ፎቶ አንስቶ እንደሚለጥፈው፣ ሰኞ ክፍል ውስጥ መቀለጃ እንደሚሆኑ ትዘረዝርላት ጀመር።

በዚህ መሃል አክስቷ መቀስ ፍለጋ ብቅ አለች። ከኋላዋ የሬዲዮው ድምፅ ተከትሏት ገባ። «ይሄ ሬዲዮ ባይኖር የዛሬውን ስፌት አልጨርሰውም ነበር» አለች መቀሷን እያነሳች። «እጅሽ ይባረክ የኔ ልጅ።»

ፊውዝ ፊቷ ጋለ። አክስቷ እስክትወጣ ጠበቀችና የጻፈችውን አጠፋች።

«አባባ፣ ሬዲዮው ከስምንት ወር በፊት፣ ሥዕልዎ በደረሰኝ ማግስት ሠርቷል። ያልነገርኩዎት፣ ለሰው ራሴ ደረስኩበት ብዬ ስለዋሸሁ ነው። እባክዎ የእርስዎን አይፍቱት።»

«ዝጋ» የሚለውን ተጫነች። ቀዩ አረንጓዴ ሆነ። ዳይሬክተር «አበድሽ» ብላ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ፊውዝ ክፍሏ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለች፣ ጥፍሯን በላች፣ የባትሪውን ክዳን ስትከፍትና ስትዘጋ ቆየች። ሰዓቱ ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው መልስ መጣ።

«ሦስት ብሎን አውጥቼ ነበር። መልሼ እያጠበቅኩ ነው። ድምፁ ጥርት ይላል?»

«ይላል» ብላ ጻፈችና ላከች። ገጹ ለአፍታ ነጭ ሆነ፤ ከዚያ «የፈለጉት ገጽ የለም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ይድረሳቸው አይድረሳቸው ማወቂያ የላትም።

ፊውዝ ወደ አክስቷ ክፍል ሄደች። «እቴቴ፣ ሬዲዮውን አንዴ ልውሰደው?» አለቻት። አቅፋው ተመለሰችና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሶኬቱን ሰካችው። የእጅ ባትሪውን ገፋ አድርጋ፣ ስልኳ ላይ አስቀምጣው የነበረውን የጡረተኛውን ሥዕል ከፍታ ሬዲዮው ላይ አስደገፈችው።

«ምን ልትዪ ነው?» አለች ዳይሬክተር። አሁንም አኩርፋለች፤ ስልኳን ግን አንስታለች።

ፊውዝ ድምፁን ከፍ አደረገችው። «ማን እንዳሳየኝ። ቀረብ አድርገሽ ያዢው» አለች። «ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማ።»