በእንቅልፍ ላይ የጠፋው የምስክር ቃል

የምስክሯ ቃል ላፕቶፑ ውስጥ የለም።

ኻድራ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ቀረች። ጠዋት ስትጽፍበት የነበረው ገጽ ጠፍቷል። ማሽኑ ገና አሁን እንደተነሳ ሁሉ ፓስወርድ ይጠይቃታል።

"እንደገና?" አለች ኢንስፔክተር እታገኘሁ፣ ተጠርታ እንደደረሰች።

"እንደገና።"

እታገኘሁ ግንባሯን አሸች። ባለፈው ሳምንት እንዲሁ ሲጠፋ ሌባውን የያዘች መስሏት ነበር። ኻድራ ጅጅጋ ውስጥ ለፍርድ ቤት የምትተረጉም ናት። በእጇ ያለው ወጣቶችን በጭነት መኪና በድንበር ከተማዋ ቶጎጫሌ በኩል ያሻግር ነበር የተባለ የአንድ ደላላ ጉዳይ ነው። ከዚያ መኪና የተረፈችው ዐኒሳ፣ ሸደር የስደተኞች ጣቢያ ሆና በሶማልኛ የሰጠችው ቃል ተተርጉሞ ነገ ችሎት ካልቀረበ ሰውየው በዋስ ሊወጣ ይችላል። የቢሮው ጥበቃ ማሃድ ደግሞ የተከሳሹ የእህት ልጅ ነው። ቁልፍም አለው። "ወላሂ አልነካሁም" ቢልም አሰረችው።

ይኸው ማሃድ ጣቢያ ተቀምጦ ትርጉሙ ጠፋ።

"የተቀዳው ድምፅስ?"

"እሱ አለ። ማንም አልነካውም።"

"ምን ዓይነት ሌባ ነው ትርጉሙን ወስዶ ዋናውን የሚተው?"

እታገኘሁ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች።

"ሴቭ አላደረግሽውም?"

"ማሽኑን አጥፍቼው አላውቅም እኮ! ለሶላትና ለምሳ ስወጣ ሀይበርኔት አድርጌ አስተኛዋለሁ። ስመለስ ሁሉም እንደነበረ ይጠብቀኛል። ባለፈው ማሃድ ነው ስላላችሁኝ፣ አሁንማ ሰላም ነው ብዬ…"

ላፕቶፑን ያዘጋጀው ጆሲ ተጠራ። እታገኘሁ ገና ከበሩ ተቀበለችው።

"ስንት ከፈሉህ?"

"እነማን?"

"የደላላው ሰዎች።"

"ኧረ እኔ ደላላ አላውቅም!" ጆሲ ማሽኑን ከፍቶ ጥቂት ጎረጎረ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። "ይሄን ማንም አላጠፋውም።"

"ታዲያ በኖ ነው የጠፋው?"

"ሁለት ሲስተም ነው የጫንኩበት። አንዱ ለጽሑፍ፣ አንዱ ድምፅ ለማጥራት። ሀይበርኔት ሲደረግ ተከፍቶ የነበረው ሁሉ የሚቀመጥበት ፓርቲሽን የሚባል የዲስኩ ክፍል አለ። ቦታ ልቆጥብ ብዬ ለሁለቱም አንዱን ሰጠኋቸው። የጽሑፉ ተኝቶ ሳለ ሌላውን ካስነሱት፣ የራሱ ቦታ መስሎት ላዩ ላይ ይጽፍበታል። የተኛው ሲነቃ ያስቀመጠውን አያገኝም።"

እታገኘሁ ግማሹ አልገባትም። አንድ ነገር ግን ገባት።

"ስለዚህ በምሳ ሰዓት ሌላውን ያስነሳ ሰው አለ።"

"አዎ። በዚያኛው ላይ ፓስወርድ አላደረግኩም። ሲነሳ ከሁለቱ መምረጥ ብቻ ነው።"

ጆሲ ሁለተኛውን አስነሳው። የዐኒሳ ድምፅ መሐል ላይ ተቋርጦ ቆሟል። ኻድራ ደነገጠች። "ይሄን አጥርቼ ከጨረስኩ ቆይቻለሁ!"

እታገኘሁ በምሳ ሰዓት ቢሮ የምትቀረውን ጸሐፊ ኬሪያንም ጠራቻት። አራቱም ቆሙ።

"ትንሽ መልሰህ አጫውተው" አለችው ጆሲን።

የዐኒሳ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። እታገኘሁ ሶማልኛ ስለማትችል ጆሮዋን ትታ ዓይኗን አሠራች። ኻድራ ስክሪኑን ታያለች። ጆሲ መሬት መሬት ያያል። የኬሪያ ከንፈር ግን ይንቀሳቀሳል። ከዐኒሳ ቀድማ።

"አቁመው። ኬሪያ፣ ስንት ጊዜ ሰማሽው?"

ኬሪያ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

"ኻድራ ድምፁን ስታጠራ 'ኤቢ' ሲባል ከውጭ ሰማሁ። ወንድሜ ነው ኤቢ። በቶጎጫሌ እንደወጣ የት እንደገባ አናውቅም። ሰው እንዳልጠይቅ የምስክሯ ቃል ምስጢር ነው። የእኔ ሶማልኛ ደግሞ የገበያ ነው፤ ከስሙ በቀር አልያዝኩትም። ደጋግሜ ብሰማው ይገለጥልኛል ብዬ…"

"ማሃድ ታስሮ ዝም አልሽ?"

"ድምፅ ሰማሁ እንጂ ጽሑፍ አልነካሁም! እሱ ያጠፋው መስሎኝ ነው።" እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "እኔ ነኝ?"

ኻድራ በቁጣ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ወንበሯን ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና ድምፁን ከፈተች።

"'ኤቢ የሚባል ልጅ ውሃውን ሰጠኝ' ነው የምትለው። 'ሀርሺን አካባቢ ትኩሳት ያዘው። ደላላው ያስቸግረናል ብሎ መንገድ ላይ አወረደው።'"

"ሞቶ ነው?"

ኻድራ መልሳ አጫወተችው። ሁለት ጊዜ።

"'መኪናው ሲሄድ ቆሞ እጁን አወዛወዘልን' ነው ያለችው።"

"ቆሞ?"

"ቆሞ።"

እታገኘሁ ጣቢያ ደውላ ማሃድ እንዲፈታ አዘዘች፤ ይቅርታ ልትጠይቀው እንደምትመጣም ነገረቻቸው። ኬሪያን አየቻት። ምስጢር የሆነ ማስረጃ ከፍታለች፤ ለዚያ ቃሏን መስጠቷ አይቀርም። ስልኩን ግን ገና አልዘጋችውም።

"ቆይ" አለች። "የሀርሺን ፖሊስን ቁጥር ስጠኝ።"