የናሱ ሌንስ ያነሳው ግቢ

ቅዳሜ ጠዋት የእርዳታው እህል ማከማቻ ሲከፈት ወለሉ ላይ የቀረው የተበተነ ስንዴ ብቻ ነበር።

የመካነ ሰላም ሰው ወሬውን ሰምቶ ሳይጨርስ ዘበኛው አብዱልጀሊል ታሰረ። ቁልፉን ቀን ቀን የእርዳታ ጸሐፊው ምናለ፣ ማታ ማታ አብዱልጀሊል ነው የሚይዘው። ከወግዲ በኩል የተሰደደው ረሃብተኛ አጥሩን ተደግፎ እህል ይጠብቃል። ደርግ ደግሞ በእንዲህ ያለ ነገር ቀልድ አያውቅም። ሰኞ ወደ ደሴ ይወስዱታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ደፍሮ አያወራውም።

የእስረኛው ሚስት ነሲባ በወንድሟ በጀላል ፎቶ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማለች።

"ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ! ዓርብ፣ ወንዱ ሁሉ ጁምዓ ሄዶ ሳለ፣ ሰዎች ጆንያ ተሸክመው በግቢው ሲወጡ አየሁ። ምናለም እዚያው ነበር።"

"ለመቶ አለቃው ነገርሽው?"

"ነገርኩት። ምናለ ያመጣውን የባዶ ግቢ ፎቶ አሳየኝና 'ውሸታም' አለኝ።"

ጀላል ክው አለ። ፎቶው የተነሳበት ካሜራ የራሱ ነው።

ሐሙስ ዕለት ነው ምናለ የተዋሰው። በአዋጅ ተወርሶ የእህል ማከማቻ የሆነው ቤት የአባቱ ነበር። "አያቴ በሕይወት ሳሉ ፈረንጅ ያነሳው የቤቱ ፎቶ አለን፤ ሳያፈርሱት በዚያው መልክ ላስቀረው" አለ። ጀላል ለቤት የሚሆን ብሎ አዲሱን ሌንስ አቀረበለት፤ ጣራውንም ደረጃውንም ጥርት አድርጎ ያስገባል። የምናለ እጅ ግን ወደ አሮጌው የናስ ሌንስ ሄደ። ዳር ዳሩን ያደበዝዛል፤ ፎቶ የሚነሳውም ክዳኑን በእጅ አንስቶ በእጅ በመመለስ ነው።

"የድሮ ቤት በድሮ ሌንስ ነው የሚያምረው" አለ ምናለ። ጀላል ምርጫው ደስ አሰኝቶት የሌንሱን ቀዳዳ የሚያጠብበውን ቆርቆሮ ጭምር ሰጠው።

የመቶ አለቃ አባተ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ጀላል ቢሮው ሲገባ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረለት።

"ግቢው ውስጥ የቆመው ይኸ መኪና ከደጎሎ የመጣው ዓርብ ጠዋት ነው፤ ከሰዓት ተመልሷል። የጣራው ጥላ ግድግዳው ሥር ነው፤ እኩለ ቀን ማለት ነው። ግቢው ውስጥ ሰው ይታይሃል?"

"አይታየኝም፣ ጌታዬ።"

"እህትህ ግን በዚያው ሰዓት ተሸካሚ ይመላለስ ነበር ትላለች። ቀን ካልወጣ የወጣው ማታ ነው፤ ማታ ደግሞ ቁልፉ ባሏ እጅ ነው።"

ፎቶው ላይ ግቢው ጭር ብሏል። ነሲባ ለባሏ ብላ ዋሽታ ይሆን? ጀላል እህቱን በመጠራጠሩ አፈረ፤ ቢሆንም ጥርጣሬው አልለቀቀውም። በአጉሊ መነጽር ፎቶውን ከጣራው ጀምሮ ቁልቁል ፈተሸው። ደረጃው ሥር ሲደርስ እጁ ቆመ።

"ምናለን ያስጠሩልኝ" አለ።

ምናለ ፈገግ ብሎ ገባ።

"ክዳኑን አንስተህ ምን ያህል ቆየህ?" አለው ጀላል።

"ምን ያህል ይቆያል? ከፍቼ ዘጋሁት።"

"በጠበበው ቀዳዳ? ያኔማ ምንም አይወጣልህም ነበር።"

"በሚገባኝ ቋንቋ አስረዳኝ" አለ መቶ አለቃው።

"ጌታዬ፣ ይህ ሌንስ ቀዳዳው ሲጠብ ብዙ ደቂቃ ይፈልጋል። ያልተነቃነቀ ነገር ይቀረጻል፤ የሚራመድ ሰው ግን አንድ ቦታ ስለማይቆይ ሳይታይ ይቀራል። የገበያ ቀን አንስቼበት ገበያው ባዶ ሆኖ ወጥቷል። ያንን ፎቶ ምናለም አይቶታል፤ አብረን ስቀንበታል።"

"ሰው ነበረ የሚያሰኝስ ምን አለ?"

"ደረጃው ሥር ይመልከቱ። አንዱ ተሸካሚ ደክሞት ጆንያውን አሳረፈ፤ ክዳኑ ሳይመለስ አንስቶት ሄደ። ለዚህ ነው ጆንያው እንደ ጭስ የሳሳው፤ የደረጃው ድንጋይ በውስጡ ይታያል።"

መቶ አለቃው በአጉሊ መነጽሩ አጎንብሶ አየና ወደ ምናለ ዞረ። የምናለ ፈገግታ ጠፍቷል።

"ጆንያው የት ሄደ?"

"እኔ ምን..."

"የት ነው ያልኩህ!"

"አጎቴ ጎተራ!" ብሎ ጮኸ ምናለ። "የአባቴ ቤት ነው! መሬቱን ወሰዳችሁ፣ ቤቱን ወሰዳችሁ፣ እኔን በገዛ ቤቴ ቁልፍ ያዥ አደረጋችሁኝ። እህሉን ሸጬ አገር ጥዬ ልጠፋ ነበር።"

"አብዱልጀሊልስ? በአንተ ፈንታ ይሙት?" አለ ጀላል።



አብዱልጀሊልን ከእስር ሲያወጡት ነሲባ በር ላይ ነበረች። ገመድ የበላውን የባሏን እጅ በሻሿ ጠቀለለችለት። መቶ አለቃው "አብሽሪ፣ አለቀ" አላት።

ቀና ብላ አየችው።

"እኔ በአላህ ስምል ውሸታም ተባልኩ፣ ጌታዬ" አለች። "ጆንያ ሲመሰክር አመናችሁ።"

መልሱን ሳትጠብቅ ባሏን ደግፋ ወደ ቤቷ ሄደች።