በግራ በኩል የተቆረጠው ቀዳዳ

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ፤ መጋዙንም የያዝኩት በዚህ እጄ ነው።

እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የከሰል ማዕድን ከተማዋ ቢቶም፣ የእማማ ኡርሹላ ሳሎን። የምሳው ሳህን ተነሥቷል፤ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ግን አልተነሣም። እላዩ ላይ የልጃቸው የአኺም አሮጌ ኮምፒውተር ተቀምጧል።

አኺም ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ወርዶ አልተመለሰም። አስከሬኑም አልተገኘም።

የዚያን ቀን ፈረቃ የእኔ ነበር። ለምኜ በቦታዬ እንዲወርድ ያደረግኩት እኔ ነኝ...

ይህን እናቱ አያውቁም።

ከመውረዱ በፊት በወጣቶች ክበብ ኮምፒውተር የሆነ ነገር ጽፎ፣ በካሴት ቀድቶ ለእናቱ ሰጣቸው። የክበቡ ማሽን ሜሞሪው ትልቅ ነበር። የቤቱ ግን ካሴቱን መክፈት አቃተው። ክበቡም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ።

አሁን የእማማ ኡርሹላ ዓይን እየጠፋ ነው። ሐኪሙ ከገና አያልፍም ብሏቸዋል። ሜሞሪ መጨመሪያ ቦርድ እንድገጥምላቸው ሲለምኑኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ቀድሜ አነበዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

ቦርዱ የኮምፒውተሩ የፕላስቲክ ቀፎ ውስጥ አልገባ አለ። በሁለት ጣት ይረዝማል።

በእኛ በድሮ ኮምፒውተር ወዳጆች ዘንድ የጥንቱን ቀፎ መቁረጥ ነውር ነው። አንዱ ጓደኛችን አንድ ጊዜ ቢቆርጥ፣ እስከ ዛሬ ሥጋ ሻጩ እያልን እንጠራዋለን። እኔም ከሚስቁት አንዱ ነበርኩ።

እማማ ኡርሹላ ከጎኔ ንቅንቅ አላሉም።

"ቀስ በል፣ ጌራርድ ልጄ፣" አሉኝ። "እንደ ጥርስ ነቃይ አትተናነቀው።"

ካርቶን ላይ ለካሁ። አሠመርኩ። ቆረጥኩ።

ከዚያ ስህተቴን አየሁ። የለካሁት ክዳኑን ገልብጬ ነበር። በቀኝ መሆን የነበረበት ቀዳዳ በግራ ሆነ። ጀማሪን ሁሉ አስቀድሜ የማስጠነቅቀው ይህንኑ ነው...

በቀኝ ሌላ ቆረጥኩ። የግራውን በፕላስተር ሸፈንኩት።

የክዳኑን ውስጥ ልብ ያልኩት ያኔ ነው።

እንዲህ ያለ ፕላስቲክ ዘመኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ይበልዛል። የሚበልዘው ውጩ ነው። የዚህ ግን ውጩ ንጹሕ ነጭ ነው።

የበለዘው ውስጡ ነው።

ቦርዱን ገጠምኩ፤ ክዳኑን ዘጋሁ፤ ካሴቱን አስገባሁ።

እስኪጭን አሥር ደቂቃ ፈጀ። እጄን ቀፎው ላይ ባሳርፍ ይሞቃል። የማሽን ሙቀት ግን አልነበረም... ትኩሳት የያዘው ሰው ግንባር ይመስላል።

ጽሑፉ መጣ።

እማዬ፣ የዛሬው ፈረቃ የእኔ አይደለም። የጌራርድ ነው። የጉድጓዱ ጣሪያ መሰንጠቁን ሰምቶ ፈርቷል። የማውቅ አይመስለውም፤ እኔ ግን አውቃለሁ።

"ምን ይላል?" አሉኝ በሹክሹክታ። ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ተክለዋል፤ የሚያዩት ግን ብርሃኑን እንጂ ፊደሉን አይደለም።

ዓይኔን ከስክሪኑ ወደ ነጩ ጨርቅ አወረድኩ።

"እማዬ፣ እወድሻለሁ። እራት አቆዪልኝ... ይላል።"

ፈገግ አሉ። "ሆዳም፣" አሉ። "እስቲ ድገመው።"

ቀና ስል ጽሑፉ ተለውጧል።

እማዬ፣ እወድሻለሁ። እራት አቆዪልኝ።

ከሥሩ ሌላ መስመር አለ።

ጌራርድ ያነበበልሽ ይህን ነው።

በግራ በኩል አንድ ነገር ቀጭ አለ... ፕላስተሩ ከውስጥ ተገፍቶ ወደቀ። ከቀዳዳው ጥቁር የከሰል ብናኝ በቀጭኑ ይፈስ ጀመር። ነጩ ጨርቅ ላይ ይከመራል። አይቆምም።

እማማ ኡርሹላ ድምፁን ተከትለው መዳፋቸውን ዘረጉ። ብናኙን ተቀበሉ። አሸተቱት።

አልደነገጡም።

"ጌራርድ፣" አሉኝ ቀስ ብለው። "ተነሥና ፎጣ አቀብለው። ሳይታጠብ ማዕድ አይቀርብም።"

ቤቱ ውስጥ የነበርነው ሁለታችን ብቻ ነን።

ከኮሪደሩ ወዲያ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ተከፈተ።